ዳንኤል ምግቡን እምቢ ብሎ ስሙን ለምን ዝም አለ? (እስከ መልስ 44 ያለው ሰብሰብ ብሎ)

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ዳንኤልና ስለ ስም የጀመርነው ውይይት (ክሩ) ከመርዘሙ የተነሳ አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ እየገባው ነው፣ ሁለት ሶስት ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር እባክህ ማን ምን እንዳለ ሰብሰብ አድርገህ ንገረን ስላሉኝ ነው ይቺን የምጽፈው። የማንንም ቃል ኮፒ አላደረግኩም። መልስ 19 ላይ የጻፈችው እህታችን ጽሑፏ ስክሪንሹት ተደርጎ እንዳይዞር ስለለመነች፣ ለሷ ያደረግኩትን ለሁሉም ላድርገው ብዬ ሁሉንም በራሴ አነጋገር ነው የማወራው። ያዛባሁት ካለ አርሙኝ፣ ግን በጨዋ ደንብ፣ ከ20 እስከ 22 ያለው ዓይነት ነገር እንዳይደገም።

መነሻ ፖስት (የኔው)

ያለነው ሜሪላንድ ነው። የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የ9 ዓመቷ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና እሳት ውስጥ የተጣሉት ልጆች ስድስት ናቸው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ብለው አስተምረዋታል፣ ጓደኛዋ ቤት ያየችው ባለስዕል መጽሐፍ ደግሞ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ነው የሚለው፣ ሶስትና ሶስት ስድስት። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እነዛው ሶስቱ ናቸው፣ ባቢሎኖች ስማቸውን ቀይረውባቸው ነው አልኳት። ዝም አለች። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም፣ ታዲያ ምግቡን አንበላም ካሉ ስሙንስ ለምን አንፈልግም አላሉም አለችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ክላክስ እስኪነፉብኝ ድረስ መልስ አላገኘሁም።

ቤት ገብቼ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ከፈትኩ። ናቡከደነፆር ከይሁዳ ምርኮኞች መሃል ዘራቸው ጥሩ፣ መልካቸው ያማረ፣ ጭንቅላታቸው የተሳለ ልጆች አስመርጦ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሶስት ዓመት እንዲማሩ፣ ከራሱ ማዕድም እንዲበሉ አዘዘ። ስምም ወጣላቸው። ዳንኤል ማለት እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው ማለት ነው፣ እሱ ብልጣሶር ተባለ። አዛርያ፣ እግዚአብሔር ረዳ የሚለው ስም፣ አብደናጎ ሆነ፣ የናቡ ባሪያ ማለት ነው ይላሉ፣ ናቡ ደግሞ የባቢሎን ጣዖት። ልጆቹ ትምህርቱን ተማሩ፣ በስሙም ተጠሩ፣ ቤተ መንግሥት ገብተውም ሠሩ። ማዕዱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ዳንኤል እንቢ ብሎ ጥራጥሬና ውሃ ስጡንና 10 ቀን ሞክሩን ያለው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ብዬ የጻፍኩት፣ ስም ሌላው የሚጠራህ ነው፣ አፍህ ግን ያንተ ነው፣ ዳንኤልም መስመሩን ያሰመረው እጁ ላይ ባለው ነገር ነው የሚል ነበር። እዛ ላይ ብተው ጥሩ ነበር፣ ግን ቀጠልኩና ዲያስፖራው የልጅ ስም ላይ ሲጨቃጨቅ ይውላል እንጂ ስም ምንም አይደለም ብዬ ጨመርኩበት። እውነቱን ለመናገር ልጄን ትምህርት ቤት ስሟን ቆርጠው በሁለት ፊደል ነው የሚጠሯት፣ እኛም ሳይታወቀን ቤት ውስጥ በዛው መጥራት ከጀመርን ቆየን፣ ምናልባት ራሴን ለማጽናናት ይሆናል።

መልስ 1 እስከ 3

ምርቃትና አሜን ነው። ልጅህ ትደግልህ፣ ሊቅ ናት ምናምን። መልስ 2 ላይ አንዲት ነርስ እሷም የታካሚዎቿን ስም በትክክል ለመጥራት ስትታገል የሷን ግን ማንም እንደማይሞክረው ጻፈች፣ እዛው ላይ ተወችው።

መልስ 4

አንድ ጋሼ (ጡረታ የወጡ መምህር እንደሆኑ ከዚህ በፊት ነግረውናል) በጣም በትህትና አረሙኝ። ምግቡ በኦሪት ሕግ የተከለከለ ሥጋ ስለነበረ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ አሉ፣ ምክንያቱም ዳንኤል ወይኑንም ነው እምቢ ያለው፣ ወይን ደግሞ በሕጉ ለተራው አይሁዳዊ ክልክል አልነበረም። ለጣዖት የቀረበ ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ፣ የንጉሥ ማዕድ የተካፈለ ታማኝነቱን ለንጉሡ ሰጠ ማለት ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። ከዛ ጋሼ ምዕራፍ 10ን ጠቀሱ፣ ዳንኤል እዛ ላይ ለሶስት ሳምንት ሲያዝን ሥጋና ወይን አልቀመስኩም ይላል፣ በአዘቦቱ ቀን ይበላ ነበር ማለት አይደለም ወይ? እኔ ይቺን አስቤያት አላውቅም። ወጣት ሳለ ያሰመረው መስመር ሲሸመግል እዛው ቦታ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

መልስ 5 እስከ 8

ሽሮ። ጥራጥሬ ማለት ሽሮ ነው፣ አይደለም ክክ ነው፣ ባቢሎን ውስጥ ሽምብራ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ እያለ ሄደ። መልስ 7 ከአዲስ አበባ የተላከ ንጹህ ሽሮ እሸጣለሁ ብላ ስልክ ስላስቀመጠች አድሚኑ አጠፋት።

መልስ 9 እስከ 12

እዚህ ጋ ሙቀቱ ጨመረ። አንድ የፕሮቴስታንት ወንድማችን ምዕራፍ 3 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ነው የሚላቸው፣ አንድም ቦታ አናንያ የሚል የለበትም፣ ኦርቶዶክሶች ለምንድነው መጽሐፉ ያላለውን የምትሉት አለ። ሳይሳደብ ነው ያለው፣ ግን አባባሉ ትንሽ ጎርበጥ ይላል። መልስ 10 ባለ 66 መጽሐፍ ከኛ ጋ ባትከራከር ይሻልሃል የሚል ዓይነት መልስ ሰጠው። 11 ደግሞ ለ10 የባሰ። መልስ 12 ላይ አንድ ዲያቆን ገብቶ ነገሩ ተረጋግቶ እንዲቆይና ከሥራ ሲወጣ እንደሚመልስ ተናገረ፣ የሚገርመው ሁሉም ጠበቀው።

መልስ 13

ይቺ ለኔ ከክሩ ምርጥ አንዷ ናት። ባሕር ዳር አስተማሪ የሆነች እህት ከዳንኤል በፊት ዮሴፍን ለምን ረሳችሁት አለች። ዮሴፍን ከእስር ቤት ሲያወጡት መጀመሪያ ያደረጉት ጢሙን መላጨት ነው፣ ልብሱን ለወጡት፣ ከዛ ፈርዖን የግብፅ ስም አወጣለት፣ ጸፍናት ፐዕናህ፣ ቀጥሎ የግብፅ ካህን ልጅ አስናትን ዳሩለት። እንቢ አላለም። የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፣ ትርጉሙን ራሱ ሲናገር እግዚአብሔር የአባቴን ቤት አስረሳኝ ማለት ነው አለ። ይሄን የሚለው የአብርሃም የልጅ ልጅ ልጅ ነው እንግዲህ! ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው ፊት ለፊት ቆመው አላወቁትም፣ እሱም ቋንቋቸውን እየሰማ በአስተርጓሚ ነበር የሚያናግራቸው። አስተማሪዋ አንድ ጥያቄ አስቀመጠች፣ እስቲ ያን ቀን ከውጪ የሚያይ ሰው ዮሴፍን ግብፃዊ አይደለም ብሎ የሚምልበት አንድ ምልክት ነበረ ወይ?

መልስ 14፣ ምልክቱ አጥንቱ ነው አለ። ሲሞት እንደ ግብፃዊ በሽቶ አሽተው በሳጥን አኖሩት፣ ግን አጥንቴን ይዛችሁ ውጡ ብሎ አስምሎ ነበር፣ ሙሴም ይዞት ወጣ።

መልስ 15

ከደሴ የጻፈ ሙስሊም ወንድም ነው። እዛው የዮሴፍ ታሪክ ውስጥ ለምሳ ሲቀመጡ ለዮሴፍ ብቻውን፣ ለወንድሞቹ ብቻቸውን፣ ለግብፃውያኑም ብቻቸውን ነው የቀረበው፣ ግብፃውያን ከዕብራውያን ጋር መብላት ነውራቸው ስለነበረ። ይሄ ለኛ ለወሎዎች አዲስ ነገር አይደለም አለ፣ እሱ ሠርግ ሲደግስ ሁለት በሬ በሁለት ሰው እጅ ተባርኮ፣ ሁለት ድንኳን ተጥሎ፣ ዘፈኑ ግን አንድ ነበር። የክርስቲያን ጎረቤቱ ድንኳን ለድንኳን እየተመላለሰ ሲያስተናግድ ማን በየት በኩል እንደሚበላ ሳይጠይቅ በቃሉ ያውቅ ነበር። ማዕድ መለየት ሁልጊዜ ጠብ ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በዚህ ላይክ በጣም በዛለት፣ ከሁሉም ወገን።

መልስ 16 እስከ 18

ታሪክ የሚወደው ልጅ መጣ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሲጽፍ ማቆሚያ የለውም። ዋናውን ልንገራችሁ። ባቢሎን ቁፋሮ ላይ የተገኙ፣ አሁን በርሊን ያሉ የሸክላ ጽላቶች ላይ ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የሚሰጥ የዘይት ቀለብ ተመዝግቧል፣ አንዱ ጽላት የ592 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ነው። መጽሐፈ ነገሥትም መጨረሻው ላይ ዮአኪን ከእስር ተፈትቶ ዕድሜውን ሙሉ ከባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ይበላ ነበር ይላል። እና ልጁ ያነሳው ነገር፣ ዳንኤል አልበላም ያለውን ማዕድ የዳዊት ዘር ንጉሥ ዕድሜውን ሙሉ በላው፣ መጽሐፉም አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረም፣ እንዲያውም እንደ ተስፋ ነው የጻፈው።

ሁለተኛው፣ አል ያሁዱ የሚባሉ ጽላቶች አሉ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ኢየሩሳሌም ለሕዝብ የታዩ። አል ያሁዱ ባቢሎን ውስጥ ምርኮኞቹ የሰፈሩበት መንደር ነው፣ የይሁዳ ከተማ ማለት ነው። ጽሑፉ ግብር፣ የመሬት ኪራይ፣ የገብስ ብድር፣ ውርስ ነው። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማዋም ሰላምን ፈልጉ ያላቸውን ሰዎቹ በተግባር ሲያደርጉት ታያላችሁ። ከነዛ ሰዎች አንዱ ባለሥልጣን አንድ ሰነድ ላይ ያሁ ሻር ኡጹር፣ ሌላው ላይ ቤል ሻር ኡጹር ተብሎ ተጽፏል፣ ያው አንዱ ሰውዬ። አንዱ ስም ላይ የእስራኤል አምላክ፣ አንዱ ላይ የባቢሎኑ። ልጁ ይሄን ሰውዬ ሁለት ፌስቡክ አካውንት ካለው ሰው ጋር አመሳሰለው፣ ሳቅኩ።

መልስ 17 ታዲያ ከባቢሎን ሕዝቡን እየመራ የተመለሰው ዘሩባቤል ስሙ ራሱ የባቢሎን ዘር ማለት አይደል ወይ አለ፣ ልክ ነው። መልስ 18 ደግሞ ብልጣሶር የሚባለው በግድግዳው ላይ ጽሕፈት ያየው ንጉሥ አይደለም ወይ፣ ዳንኤል ከመቼ ወዲህ ነው ብልጣሶር የሆነው ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ናቸው ወንድሜ፣ በባቢሎን ቋንቋ የተለያዩ ስሞች ናቸው፣ ግሪኩ ግን አንድ ዓይነት አድርጎ ጻፋቸው፣ የኛውም አማርኛ እንደዛው። ይሄን ያብራሩት ጋሼ ናቸው፣ ቁጥራቸው ጠፋኝ።

መልስ 19

እህታችን አራት ዓመት ጅዳ ሠርታለች። የላካት ደላላ በክርስቲያን ስም ቪዛ ቶሎ አይወጣም ብሎ ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም አስጻፈላት። ቦሌ፣ ፍተሻ ከመግባቷ በፊት ሽንት ቤት ገብታ ማተቧን ፈታች። መጣል አልሆነላትም። በእጇ ጨብጣው አውሮፕላን ገባች፣ እዛ ከደረሰች በኋላ የምትተኛበትን ትራስ ጫፉን ተርትራ ማተቡን ከጥጡ መሃል ከተተችና መልሳ ሰፋችው፣ አራት ዓመት እላዩ ላይ ተኛች። ማዳም ደግ ሰው ነበረች አለች፣ ይሄን ደጋግማ ነው የጻፈችው። በፍልሰታ ሆዴን አመመኝ ብላ ሥጋውን ስትመልስ ማዳም ደንግጣ ክሊኒክ ወስዳታለች፣ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ከቤቱ ሰው ጋር ጾመች፣ ሁለቱንም ጾም የጾምኩ እኔ ነኝ ብላ ቀልዳለች። በአዲሱ ስሟ ሲጠሯት መጀመሪያ ወር አትዞርም ነበር፣ መስማት የተሳናት መስሏቸው ነበር። እና እኔን ጠየቀችኝ፣ ስም ምንም አይደለም ያልከው ጠርተውህ ሳትዞር ቀርተህ ታውቃለህ ወይ ብላ።

አላውቅም። ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም።

መልስ 20 እስከ 22

ከዚህ በኋላ የመጣው አሳፋሪ ነው። መልስ 20 ማተብ የፈታ ሃይማኖቱን ፈታ፣ ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ገቡ እንጂ በደላላ ስም አልተደበቁም፣ ለሪያል ብለሽ ነው አላት። መልስ 21 ለሱ መልስ ሲሰጥ እናቱን አነሳ። 22 አድሚኑ ነው፣ ሁለቱንም ለሳምንት አገዳቸው። መልስ 20ን የጻፉት ሰውዬ (ተመልሰው ካነበቡ) እኔ እንደሚመስለኝ ያን ያህል ጠንካራ መሆን የሚቻለው ከሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ይሄ የራሴ አስተያየት ነው፣ ለማንም አላስይዝም።

መልስ 23

እሷው የጅዳዋ ናት የመለሰችው፣ ከሁላችንም በላይ ረጋ ብላ። የአስቴርን ታሪክ አነሳች። ሀደሳ የምትባል ልጅ በፋርስ ስም አስቴር ተብላ ቤተ መንግሥት ገባች፣ ያሳደጋት መርዶክዮስ ወገንሽን እንዳትናገሪ አዟት ነበርና አልተናገረችም፣ ከንግሥናዋ በኋላ አምስት ዓመት ገደማ ዝም አለች። ዝም ባትል ኖሮ አይሁድን አጥፉ የሚለው የሐማ አዋጅ ሲወጣ ንጉሡ ጋ የሚገባ ማን ነበረ? ሠለስቱ ደቂቅም አስቴርም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፣ አንዱን ቀደሽ ጣይ ያለኝ የለም ብላ ጨረሰች።

24 በዕብራይስጡ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜም እንደማይገኝ፣ ሰባ ሊቃናት በተረጎሙት ላይ ግን ረጅም ጸሎቷ እንዳለ ጨመረ። እዛ ጸሎት ላይ አስቴር ከሐማ ማዕድ እንዳልበላች፣ ያልተገረዘውን ሰው አልጋ እንደምትጸየፍ፣ ዘውዱንም ለብቻዋ ስትሆን እንደማታደርገው ለእግዚአብሔር ትናገራለች። ትራስ ውስጥ እንደተሰፋ ማተብ በሉት። ይሄን ንጽጽር ያመጣው 24 ራሱ ነው፣ ክሬዲቱ የሱ።

መልስ 25

ዲያቆኑ ከሥራ ወጥቶ መጣ፣ ግን መጀመሪያ የመለሰው ለ9 ሳይሆን ለ20 ነው። ንዕማን ሶርያዊው ከለምጹ ከዳነ በኋላ ኤልሳዕን አንድ ነገር ለመነው፣ ጌታዬ ንጉሡ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሊሰግድ ሲገባ እጄን ተደግፎ ነውና አብሬው ስጎነበስ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብሎ። ከእስራኤል ምድር የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር ጭኖ ሊወስድም ለመነ፣ እዛ ላይ ቆሞ ለመጸለይ። ኤልሳዕ አልገሠጸውም፣ በሰላም ሂድ ነው ያለው። ዲያቆኑ ይሄ ለሁሉም ሰው ፈቃድ ነው አላለም፣ ጨርሶም አላብራራም፣ ጥቅሱን አስቀምጦ ሄደ። እኔ ግን ሁለት በቅሎ አፈር የሚለው ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ሰውዬው ለሀገሩ ጎንበስ እያለ ለጸሎቱ የሌላ ሀገር አፈር ምንጣፍ አደረገ።

መልስ 26 እስከ 28

26 በመቃብያን መጽሐፍ ላይ አይሁድ ኢየሩሳሌም ውስጥ የግሪክ ጂምናዚየም (ራቁት የሚሠለጥኑበት ስፍራ) ሠርተው ግዝረታቸውን እንደደበቁ ጠቀሰ። 27 አረመው፣ ያ በግሪኩ የመቃብያን መጽሐፍ ያለ ታሪክ ነው፣ የኛው መጽሐፈ መቃብያን ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ጺሩጻይዳን ስለሚባል ጣዖት አምላኪ ንጉሥ የሚያወራ ሌላ መጽሐፍ ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ያን የግሪክ ነገር ያስገባው ሊቀ ካህን፣ ኢያሱ የነበረ ስሙን ራሱ ያሶን ብሎ የቀየረ ሰው ነው፣ ማንም ሳያስገድደው። 28 ላይ የታሪክ ልጁ ተመለሰና ዋናውን ቦንብ ጣለ፣ ግሪኮችን የተዋጉት የመቃቢስ ቤተሰቦች በሶስተኛና በአራተኛው ትውልድ ልጆቻቸውን ዮሐንስ ሂርቃኖስ፣ አርስጦቡሎስ፣ እስክንድር ያናይ ብለው በግሪክ ስም ጠሩ። በስም ምክንያት ሰው የሚለካ ከሆነ ጀግኖቹም አለቀላቸው።

መልስ 29

ዲያቆኑ አሁን ለ9። ሶስት ሰዓት ያህል እንደጻፈው ያስታውቃል። ምዕራፍ 3 ላይ ስማቸው የባቢሎን ብቻ ነው ያልከው በአረማይኩ ልክ ነህ ብሎ ጀመረ፣ ይሄ ራሱ 9ን አለዘበው። ግን በግሪኩና በግዕዙ እሳቱ መሃል የሚዘመር ጸሎት አለ፣ እዛ ላይ ራሳቸውን አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል እግዚአብሔርን ባርኩ እያሉ ነው የሚጠሩት። ቅደም ተከተሉ ራሱ ልጄ የተማረችው ነው። ከእሳቱ ውጪ ያለው ንጉሥ ሲድራቅ እያለ ይጣራል፣ እሳቱ ውስጥ ያሉት አናንያ ይባባላሉ።

ያን ክፍል አልቀበልም ካልክ፣ በሁላችንም መጽሐፍ ያለውን ምዕራፍ 2ን ክፈት አለው። ንጉሡ ጠቢባኑን ሊገድል ሲል ዳንኤል ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለጓደኞቹ ነገራቸው፣ ቁጥር 17 ላይ ማን ማን ይላል? አናንያ፣ ሚሳኤል፣ አዛርያ። ያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ንጉሡን ሹመት ሲለምንላቸውስ? ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ። አንድ ምዕራፍ ውስጥ የቤት ስምና የቢሮ ስም።

እኔ እዚህ ጋ ስልኬን አስቀምጬ ጓዳ ገብቼ ውሃ ጠጣሁ። ያ ምንም አይደለም ያልኩት ነገር ጎኔን እየወጋኝ ነበር፣ ምክንያቱም ልጄን ቤት ውስጥ በቢሮ ስሟ ነው የምጠራት። 9ም መጥቶ አመሰገነ፣ በነገራችን ላይ። እንዲህ ዓይነት ነገር ኢንተርኔት ላይ በዓመት አንዴ ነው የሚታይ።

መልስ 30 እስከ 33

ነህምያ መጣና ሰላሙ ፈረሰ። 30 የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ነህምያ ምዕራፍ 13 ላይ ከአዛጦን (የፍልስጥኤማውያን ከተማ) ሴቶች የተወለዱ ልጆች እኩሌቶቹ የአዛጦንን ቋንቋ ሲናገሩ፣ የይሁዳን መናገር ሲያቅታቸው አይቶ አባቶቻቸውን ረገመ፣ መታ፣ ፀጉራቸውንም ነጨ፣ እኔም ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲመልሱልኝ የምነጨው ፀጉር አጣለሁ አለች። 31 ግን ቀልድ አልወደደም። ነህምያ ራሱ ሱሳ ላይ ለፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር፣ ንጉሡን በየትኛው ቋንቋ ነበር የሚያናግረው? በዕዝራ ጊዜ ከመቶ በላይ ወንዶች ሚስቶቻቸውን ከነልጆቻቸው ለማባረር ተስማሙ፣ እነዛ ሴቶችና ልጆች በማግስቱ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አለ ወይ አለ፣ ቃሉ መረር ያለ ነበር። 32 ያን ጊዜ ጥቂት ሕዝብ ነበሩ፣ ባይጠነክሩ ይጠፉ ነበር፣ ከሰሜኑ የተማረኩት ዐሥሩ ነገድ የት እንደገቡ አታውቅም ወይ አለው። 33 ሩትን ጠቀሰ፣ ሞዓባዊት፣ በሕጉ ሞዓባዊ እስከ ዐሥር ትውልድ ወደ ጉባኤው አይግባ የተባለላት፣ የዳዊት ቅድመ አያት ሆነች። 31ና 32 ከዛ በኋላ ስድስት ጊዜ ተመላለሱ፣ አላወራውም፣ ሁለቱም የሚሉትን በመጀመሪያው ብለው ጨርሰው ነበር።

መልስ 34 እስከ 37

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት። ፓርኪንግ የለም፣ አስተማሪው ይቆጣል፣ ልጆቹ ሀሁን ጨርሰው ዓረፍተ ነገር አይሠሩም። ዝለሉት።

መልስ 38

ከእስራኤል ነው የጻፈችው፣ ቤተ እስራኤል ናት፣ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ያ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ ሰው በላይ የወሰደው፣ ስትሄድ 8 ዓመቷ ነበር። ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን ውስጥ ከእናቷ ጭን ላይ ነበረች። መርካዝ ክሊታ (አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል) በገቡ በጥቂት ቀን ውስጥ አስተማሪዋ ስሟ ለአፍ ይከብዳል ብላ አንድ የዕብራይስጥ ስም ሰጠቻት፣ በክፉ አይደለም፣ ፈገግ ብላ ነው፣ ከረሜላም ጨምራበታለች። አባቷም ቢሮ ገብተው ሲወጡ የቤተሰብ ስም ተለጥፎባቸው ወጡ፣ በኛ ባህል የሌለ ነገር። የሚገርመው አለች፣ ሌላው ስሙን ያጣው ሌላ አምላክ ወደሚመለክበት ሲወሰድ ነው፣ እኛ ግን ለሺህ ዘመን ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም ስንል ኖረን የደረስንበት ቀን ነው፣ ከገዛ ወገናችን። ሀገር ቤት በስግድ በዓል ላይ ቄሶቹ ተራራ ወጥተው ያነብቡት የነበረው የነዕዝራንና የነነህምያን ታሪክ ነበር፣ ከምርኮ ስለተመለሱት። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ መንግሥት ስግድን ብሔራዊ በዓል ሲያደርገው አባቷ ሬዲዮውን ዘግተው በአማርኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ፣ እሷ ግማሹን ብቻ ነው የገባት።

መልስ 39 እስከ 41

39 እና 40 አይዞሽ የሚሉ ናቸው። 41 ላይ የእስራኤሏ እህት ዕብራይስጧን ስለምታውቅ ያስተዋለችውን አንድ ነገር ጨመረች፣ በመነሻው ጥያቄ ላይ ከዚህ የሚቀርብ መልስ አላየሁም። ዳንኤል 1 ቁጥር 7 አለቃው ስም አኖረባቸው ሲል፣ ቁጥር 8 ደግሞ ዳንኤል በልቡ አኖረ ሲል በዕብራይስጥ ያው አንድ ግሥ ነው፣ ተከታትሎ። እነሱ ላዩ ላይ አኖሩ፣ እሱ ውስጡ አኖረ። አማርኛው አወጣላቸው፣ አሰበ ብሎ ስለለያየው አይታይም። ለልጄ ነገርኳት፣ እና ምን አኖረ ብላ ጠየቀችኝ። ጥራጥሬ አልኳት። አልተስማማችም።

መልስ 42 የጅዳዋ እህታችን ናት፣ ማተቡ አሁን አንገቷ ላይ እንደሆነ ለ38 ነገረቻት። 43 ሽሮዋን እንዴት ማግኘት ይቻላል የሚል ነው።

መልስ 44

የመጨረሻው፣ ትናንት ማታ የገባ። የእስራኤሏ እህት ባለፈው ዓመት ቢሮ ሄዳ ፎርም ሞልታ የድሮ ስሟን መታወቂያዋ ላይ አስመለሰች። የሀገር ቤት ስሟ ውስጥ ጨ አለ። እዛ የተወለዱት ልጆቿ ስሟን ሊጠሩላት ሲሞክሩ ጨን ማውጣት አቅቷቸው ቸ ይላሉ፣ ትንሹ ሲታገል ፊቱ ይቀላል። በመጽሐፈ መሳፍንት የኤፍሬም ሰዎች የዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ማንነታቸው እንዲለይ ሺቦሌት በሉ ሲባሉ ሲቦሌት እያሉ 42 ሺህ ያለቁበት ታሪክ አለ አይደል፣ እኔ መሻገሪያው ላይ ቆሜ ስሜን ጥሩ ብላቸው ከልጆቼ አንዱም አይሻገርም ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ ሶስት የሳቅ ምልክት አድርጋ።